ሳይመታም ያስራል

ወጣቶች፣ በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ያበጠ ዓይን ነው። እኔ በሙያዬ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። ለምክር የሚመጡ ሴቶችን «ባለቤትሽ ይመታሻል?» ብዬ ስጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ኧረ እሱ እንኳ እጁን አያነሳም» የሚል ነው። ወሬው ሲቀጥል ግን ደመወዟን የሚይዘው እሱ ነው፤ ስልኳን ማታ ማታ ይፈትሻል፤ እናቷን ለመጠየቅ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ታክሲ አጥታ ብትዘገይ «ከማን ጋር ነበርሽ?» ይመጣል።

ለመሆኑ ይህ ምንድን ነው?

በባለሙያዎች አጠራር «አስገዳጅ ቁጥጥር» ይባላል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኢቫን ስታርክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገልጾታል። የአንድ ቀን ጠብ ሳይሆን በየዕለቱ የሚደጋገም አካሄድ ነው፦ ከዘመድና ከጓደኛ መነጠል፣ ገንዘብ መከልከል፣ መውጫ መግቢያን መከታተል፣ ማስፈራራት። ዱላ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። እሷ «እምቢ» ስትል ወይም ጥላው ልትሄድ ስትነሣ ግን ያልነበረው ዱላ ሊመጣ፣ የነበረው ሊብስ ይችላል። ስለዚህ «አይመታትም» ማለት «ሰላም ነች» ማለት አይደለም።

ከየት መጣ?

በአገራችን ይህ ነገር በሕግ ጭምር የተደገፈበት ጊዜ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ፣ የሚስቱን ግንኙነት እንዲከታተልና በጠባይዋ እንዲመራት ፈቅዶለት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ሕጉ ተለወጠ፤ ልማዱ ግን እቤት ቀረ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 28 በመቶ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለዋል። ከተጠየቁት 5 ምክንያቶች መካከል «ሳትነግረው ብትወጣ» እና «ግብረ ሥጋ ብትከለክለው» ይገኙበታል።

ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?

ሦስቱን የ«መ» ሕጎች ሁላችንም እናውቃለን፦ መታቀብ፣ መወሰን፣ በኮንዶም መጠቀም። ሦስቱም ግን ሰውዬው ራሱ መወሰን ይችላል ብለው የሚነሡ ናቸው። በቁጥጥር ሥር ያለች ሚስት «ኮንዶም እንጠቀም» ካለች «ምን ደብቀሽኛል?» ትባላለች። ለመመርመር ፈቃድና የታክሲ ሳንቲም መለመን አለባት። መድኃኒት የጀመረችም ብትሆን ደብቃ ልትውጥ ወይም ልታቋርጥ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳወጣው፣ በአንዳንድ አካባቢዎች የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸው ካልደረሰባቸው 1.5 እጥፍ ነው።

ሕጉስ?

የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ይቀጣል። ቁጥጥሩን ግን ራሱን የቻለ ወንጀል አላደረገውም። አስገድዶ መድፈርንም የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸመው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥጥሩን ራሱን እስከ 5 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀልነት ደንግጋለች።

እኛ ምን እናድርግ?

እህቶቼ፣ ይህ ነገር የሚጀምረው ከሠርጉ በፊት ነው። «ፓስወርድሽን ስጪኝ»፣ «ከነእንትና ጋር አትሂጂ»፣ «ሥራውን ተይው፣ እኔ አለሁልሽ አይደል?» ሲባል ፍቅር ይመስላል። በትንሽ ነገር «አይ» ስትዪው ምን እንደሚያደርግ ልብ በዪ። የሚወድሽ ቅር ቢለው እንኳ ይቀበልሻል። የሚቆጣጠርሽ ግን ያስከፍልሻል።

ገብተሽበት ከሆነ ብቻሽን አትቀመጪ። ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ በወረዳሽ የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት ወይም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አማክሪ። ለመለየት ከወሰንሽ ደግሞ ጊዜው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሳትናገሪ ቀድመሽ የምታርፊበትን አዘጋጂ።

ወንድሞቼ፣ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ እሷ «እሺ» የምትለኝ ስለተስማማች ነው ወይስ ስለፈራች? ፈርታ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ያለው ትዳር ሳይሆን ዘብ ነው።