ችላ የተባለው የወር አበባ ሕመምና የዘገየው እርግዝና

በላሊበላ በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥልቅ የጸበል ኩሬ ይገኛል። በገና በዓል ሰሞን ልጅ የሚሹ ሴቶች በገመድ እየተደገፉ ይጠመቁበታል። በላስታ መውለድ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ከዚህ ሥርዓት መረዳት ይቻላል። ጸበልና ሕክምና አይጋጩም፤ አሳሳቢው የመዘግየቱ መንስዔ ሳይመረመር የሚያልፈው ዓመት ነው።

ለእርግዝና መዘግየት ምክንያት ከሚሆኑት ሕመሞች አንዱ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ህዋስ ከማህፀን ውጪ፣ በተለይም በእንቁላል ማምረቻውና በቱቦዎቹ አካባቢ ይበቅላል። በየጊዜው እየቆጣ ጠባሳ ስለሚተው አካላቱን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ የእንቁላሉንም መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ችግሩ ያለባቸው ሲሆን፣ ሕመሙ ተለይቶ እስኪታወቅ ከ4 እስከ 12 ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ለዚህም የቤተሰብም ሆነ የመሥሪያ ቤት አመለካከት አስተዋጽኦ አለው። በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ከሥራ ገበታዋ የምትቀር ሠራተኛ በስንፍና ትታማለች እንጂ ሐኪም እንድታይ የሚመክራት ኃላፊ ጥቂት ነው። አልጋ ላይ የሚያውል የወር አበባ ሕመም ግን «የሴት ነገር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሕመሙ ያለባት ሁሉ መካን አይደለችም። ጤናማ ጥንዶች በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ ሕክምና ያላገኙ ታማሚዎች ዕድል ከ2 እስከ 10 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል። የሆርሞን መድኃኒቶች ሕመሙን ቢያስታግሱም በሚወሰዱበት ጊዜ እርግዝናን ስለሚከላከሉ ልጅ ለምትፈልግ ሴት መፍትሔ አይሆኑም። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ሕመም በትንሽ ቀዳዳ በሚከናወነው የላፓራስኮፒ ቀዶ ሕክምና ሲወገድ የማርገዝ ዕድል ይሻሻላል። ከእንቁላል ማምረቻው ላይ ዕጢ ማውጣት ግን የእንቁላል ክምችትን ሊቀንስ ስለሚችል አስቀድሞ መመካከር ይገባል።

ቱቦዎቹ ለተዘጉባቸው ወይም ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶች እንቁላልና የወንድ ዘርን በቤተ ሙከራ የማዋሃድ ሕክምና አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህን አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ደረጃ በ2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ ጀምሯል። ከላሊበላ በየብስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደረስበት በመሆኑ፣ በቅርብ ሊደረጉ የሚችሉ ምርመራዎችን ጨርሶ መሄድ ወጪን ይቆጥባል።

ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ የሆነች ደግሞ ስድስት ወር ሞክራ ካላረገዘች እንድትመረመር ይመከራል። ብርቱ ሕመም ያለባት ይህን ጊዜ መጠበቅ አይኖርባትም። ባልየውም አብሮ መመርመር አለበት፤ የወንድ ዘር ምርመራ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው።