ካምፑ ወደ ማሪዬታ ሲሄድ እኛ የት ነበርን?

(አትላንታ) የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ አትላንታ ዩናይትድ በ2025 የውድድር ዘመን 34 ጨዋታ አድርጎ ያሸነፈው አምስቱን ብቻ ነበር። ደጋፊው አኮረፈ፣ አሰልጣኙ ተሰናበቱ፣ በኖቬምበር ወር ደግሞ ክለቡ ከሰባት ዓመት በፊት ዋንጫ አስበልተውት የሄዱትን አርጀንቲናዊውን ጄራርዶ ማርቲኖን መልሶ ቀጠረ። ሰውየው ሲመለሱ የብዙው ሰው ትዝታ ወደ ዋንጫው ነው የሄደው። የእኔ ግን የሄደው ወደ መጀመሪያው የዝግጅት ካምፕ፣ ወደ ጃንዋሪ 2017 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

በዚያ ሰሞን ክለቡ ስምና ማሊያ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አልነበረውም። ማርቲኖ የተቀጠሩት በሴፕቴምበር 2016 ነው። የባለሀብቱ የአርተር ብላንክ አዲስ ስታዲየም ገና አላለቀም፤ የልምምድ ሜዳውም ግንባታ ላይ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ብርዱን ሸሽቶ ወደ ፍሎሪዳ ወረደ። ከአርጀንቲናው ላኑስ የተገዛው ፓራጓያዊ ሚጌል አልሚሮን አለ። ከሳን ሎሬንዞ የመጣው ቪላልባ አለ። ከኮለምበስ የተዛወረው አሜሪካዊ ተከላካይ ማይክል ፓርክኸርስት አለ፤ ከኮሌጅ ተጫዋቾች ምልመላ የተገኘው ጀርመናዊው ጁልያን ግሬሰል አለ። ቬንዙዌላዊው አጥቂ ጆሴፍ ማርቲኔዝ ደግሞ ከጣሊያኑ ቶሪኖ በውሰት የደረሰው ዘግይቶ፣ በፌብሩዋሪ ነው። አሰልጣኙ ለጋዜጠኛ የሚናገሩት በስፓኒሽ ሲሆን አስተርጓሚ ከአጠገባቸው አይጠፋም። ለተመልካች የመጀመሪያው ስሜት ግራ መጋባት ነበር። የእግር ኳስ ቡድን ሳይሆን በረራ የሚጠባበቁ መንገደኞች የተሰበሰቡበት የኤርፖርት ማረፊያ ይመስላል።

የዝግጅት ካምፕ ከሩቅ ለሚያየው ሩጫ ብቻ ነው። ቀርቦ ላየው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይገባል፤ ደም ይታያል፣ ልብ ይለካል፣ የቆየ የጉልበት ጉዳት ይመረመራል። ተጫዋቾቹ ደረታቸው ላይ እንደ ሰደርያ ያለ ነገር ያጠልቃሉ፤ እሱ ላይ ያለው መሣሪያ ማን ስንት እንደሮጠና ማን እንደለገመ ሳይዋሽ ይናገራል። ቀጥሎ ጠባብ ሜዳ ላይ አምስት ለአምስት፣ ስድስት ለስድስት። የማርቲኖ ትምህርት አጭር ናት፤ ኳስ ስትነጠቅ ወደ ኋላ አትሽሽ፣ እዚያው መልሰህ ንጠቅ። ለመናገር ቀላል ነው። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ቅጽበት እኩል ካልተነሳ ግን ባለጋራ በመሃል ሰንጥቆ ይወጣል። እኩል መነሳት ደግሞ በንግግር አይገኝም፤ አምስትና ስድስት ሳምንት መደጋገም ይጠይቃል።

ወረቀትም አለ። የአሜሪካ ሊግ አንድ ክለብ የሚይዛቸውን የውጭ ዜጎች በቁጥር ይወስናል፤ ግሪን ካርድ ያለው ተጫዋች ግን እንደ አገር ልጅ ይቆጠራል። ስለዚህ ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው ግሪን ካርድ ለማውጣት የሚሯሯጡት አዝነውላቸው ብቻ አይደለም፤ ለሌላ የውጭ ተጫዋች ቦታ ስለሚከፈት ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቃው የቡድኑ 12ኛ ተጫዋች ነው ቢባል እኛ ሐበሾች የምንደነቅ አይመስለኝም።

ውጤቱ ይታወቃል። ማርች 5 ቀን 2017 የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ የተደረገው በተውሶ ሜዳ፣ በጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። 55,297 ሰው ገብቶ ቡድኑ በኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በሳምንቱ ሚኒሶታ ላይ በበረዶ ውስጥ 6 ለ 1 አሸነፈ፤ ማርቲኔዝ ሦስት አገባ። በዓመቱ 70 ጎል ተቆጠረ። ዲሴምበር 8 ቀን 2018 ፖርትላንድ 2 ለ 0 ተሸንፎ ዋንጫው ሲነሳ ስታዲየሙ ውስጥ 73,019 ሰው ነበር። አልሚሮን ጥቂት ቆይቶ ወደ እንግሊዙ ኒውካስል ተሸጠ። የኤርፖርቱ መንገደኞች አንድ ቡድን የሆኑት በአምስት ሳምንት ካምፕ ነው።

እስካሁን ያልኩት ግን መንደርደሪያ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ካምፕ ዛሬ ያረፈበት ቦታ ነው።

በኦገስት 2015 የዲካልብ ካውንቲ ኮሚሽነሮች የአትላንታ ዩናይትድ ጽሕፈት ቤትና የልምምድ ሜዳ በካውንቲው መሬት ላይ እንዲሠራ 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ አጸደቁ። ቦታው ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ነበር፤ ከካውንቲው እስር ቤት ጀርባ፣ ከኬንሲንግተን የማርታ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ 40 ኤከር ያህል መሬት። ካውንቲው እስከ 12 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ሊያደርግ፣ ክለቡ ደግሞ ሜዳዎችና አነስተኛ ስታዲየም ሊሠራ ነበር ውሉ። አትላንታን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ይህ ማለት የእኛው ሰፈር ማለት ነው። ክላርክስተን ጥቂት ደቂቃ ነው። እንጀራ የምንገዛበት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የምንሄድበት፣ ታክሲ የምናሳድርበት አካባቢ ነው።

ተቃዋሚዎቹ ሦስት ኮሚሽነሮች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። ለቢሊየነር የሕዝብ ገንዘብ ለምን ይሰጠዋል? ነገሩስ ለምን እንዲህ ይጣደፋል? ጥያቄው ተገቢ ነበር። የሚገርመው አንድ ድምፅ ብቻ ባጋደለበት በዚህ ክርክር ውስጥ የእኛ ድምፅ በደጋፊነትም በተቃዋሚነትም አለመሰማቱ ነው። በሐበሻ ካፌ የአዲስ አበባ ካቢኔ ሹም ሽር ገና ሳይታወጅ ይተነተናል፤ የትኛው ሚኒስትር ከማን ጋር እንደተኳረፈ በቃሉ የሚወጣ ሰው ሞልቷል። የሚኖርበት ቀበሌ ኮሚሽነር ማን እንደሆነ ብትጠይቀው ግን «እሱ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?» ይልሃል። ስለዚያ ድምፅ አሰጣጥ ሲከራከር የሰማሁት ሐበሻ አንድም የለም።

ሦስት ወር ቆይቶ ውሉ ፈረሰ። መሬቱ ሥር የቆየ ቆሻሻና የግንባታ ፍርስራሽ ተቀብሮ ስለነበር ማስተካከያው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ብላንክ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ኮብ ካውንቲዋ ማሪዬታ አዞሩ። በኤፕሪል 2017 60 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው የልምምድ ማዕከል እዚያ ተከፈተ።

የማሪዬታው መሬት የራሱ ታሪክ አለው። ፍራንክሊን ሮድ ይባል በነበረው ጎዳና ላይ የቆዩ የኪራይ አፓርታማዎች ነበሩ፤ የሚኖርባቸው በአብዛኛው ጥቁርና ከላቲን አሜሪካ የመጣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው። በ2013 የከተማዋ ነዋሪ ድምፅ ሰጥቶ 68 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ በገንዘቡ አፓርታማዎቹ እየተገዙ ፈረሱ፣ ከአንድ ሺህ በላይ መኖሪያ ጠፋ። የመንገዱ ስምም ፍራንክሊን ጌትዌይ ተባለ። የዛሬው ለምለም ሣር ያለው በዚሁ ሰፈር ነው። የተነሳው ሰው የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም፤ አገር ቤት «ልማት ነው» ተብሎ ሲፈርስ ያየ ሰው ግን ቋንቋው አይጠፋውም።

ሌላው ደግሞ መንገዱ ነው። ኮብ ካውንቲ በ1965 በተሰጠው ድምፅ ማርታን አልፈልግም ብሎ ወጥቷል፤ ባቡሩ ዛሬም ማሪዬታ አይደርስም። የክለቡ የታዳጊዎች አካዳሚ ከወላጅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይህ በአሜሪካ የልጆች እግር ኳስ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ክለብ ሁሉ ለማሊያ፣ ለጉዞ፣ ለአሰልጣኝ እያለ ወላጁን ያራቁተዋል። ግን ነጻ ማለት ደጅህ ድረስ ይመጣል ማለት አይደለም። ከክላርክስተን ማሪዬታ 20 ማይል ገደማ ነው፤ ልምምዱ ደግሞ ማታ፣ በሳምንት ብዙ ቀን። አባት የማታ ሥራ የሚገባ፣ እናት ሆስፒታል ተረኛ የሆነች ቤት ውስጥ በ285 አውራ ጎዳና የመውጫ ሰዓት መጨናነቅ ልጁን ማን ይወስደዋል? ኬንሲንግተን ቢሆን ኖሮ ልጁ ራሱ ባቡር ወይም አውቶቡስ ይይዝ ነበር።

ክላርክስተን ስለ ሜዳ ስትከራከር ይህ የመጀመሪያዋም አይደለም። በ2006 ዮርዳኖስ የተወለደችው አሰልጣኝ ሉማ ሙፍሌህ ከላይቤሪያ፣ ከሱዳን፣ ከቡሩንዲ የመጡ ስደተኛ ልጆችን ሰብስባ «ፉጂስ» የሚል ቡድን ይዛ ሳለ የከተማዋ ከንቲባ ሊ ስዌይኒ የከተማውን ፓርክ ለእግር ኳስ አልሰጥም፣ ቦታው የቤዝቦል ነው አሉ። ነገሩ በጃንዋሪ 2007 በኒው ዮርክ ታይምስ ወጥቶ አገር ሁሉ አወቀው። ቤዝቦል የሚጫወት ልጅ መኖር አለመኖሩ ጥያቄው አልነበረም፤ ጥያቄው ከተማዋ የማን ናት የሚለው ነበር።

ሜዳ የሌለው ቡድን ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት ደግሞ ለቀባሪ ማርዳት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት «የሜዳው» ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የአገር ቤት ስታዲየሞች የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ አላሟሉምና። ያን ቀን ቡድናችንም እንደ እኛው በሰው አገር ነበር የተደሰተው። በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ቡድን ውስጥ ከስዊድን ዩሱፍ ሳላህ፣ ከሚኒሶታ ፉአድ ኢብራሂም ተጠርተው እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ፉአድ ድሬዳዋ ተወልዶ እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ ወደ አሜሪካ ሊግ የገባውም ገና በታዳጊነቱ ነው።

በ2011ና በ2019 የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በዓል አትላንታ ላይ ሲደረግ ሺህዎች መጥተው ነበር። ለአንድ ሳምንት ባንዲራ፣ ክትፎ፣ ሙዚቃ፣ ፖለቲካ። መልካም ነው፤ እኔም አልቀርም። ግን ሰኞ ሲነጋ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ልጆቹም ወደ አፓርታማው የመኪና ማቆሚያ ይመለሳሉ፣ ኳሷም ከመኪና ሥር ትገባለች።

ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ ነገሩ የገባው አንድ አነስተኛ ድርጅት ይመስለኛል። «ሶከር ኢን ዘ ስትሪትስ» የሚባል በ2016 ከማርታ ጋር ተስማምቶ መሃል ከተማ ፋይቭ ፖይንትስ ጣቢያ ውስጥ ትንሽ ሜዳ ሠራ፤ ቀጥሎም ዌስት ኤንድና ኢስት ፖይንት ጣቢያዎች ላይ። ሜዳው እንደ ማሪዬታው ሰፊ አይደለም፣ ሣሩም አርቲፊሻል ነው። ልጁ ግን ከባቡሩ ወርዶ፣ ቦርሳውን አጥሩ ሥር ጥሎ፣ አባቱን ሳይጠብቅ መጫወት ይጀምራል።