ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው

የጋለ ምጣድ ሳያስብ የነካ ሰው፥ «አቃጠለኝ» ከማለቱ በፊት እጁን ይሰበስባል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ የሚወድ ቢኖር ምክንያቱ እነሆ።

ከአንጎል 12፥ ከኅብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው እንደ ዛፍ ሥር እየተከፋፈሉ እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳሉ። ሥራቸውም ሁለት ነው፤ አንዳንዶቹ ሙቀቱን፥ ብርዱንና ሕመሙን ወደ ውስጥ ያስታውቃሉ፤ ሌሎቹ ትእዛዙን ለጡንቻ ያደርሳሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ማዣንዲ እ.ኤ.አ. በ1822 እንዳስረዳው፥ ስሜት የሚያመጣው ክር ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገባው በጀርባ በኩል፥ የሚያንቀሳቅሰው የሚወጣው በፊት በኩል ነው። ስለዚህ የምጣዱ ወሬ ከኅብለ ሰረሰር እንደ ደረሰ፥ የአንጎል ፈቃድ ሳይጠበቅ ትእዛዝ ይወጣል።

እንግዲህ ሕመም የሚጠላ ቢሆንም ጠባቂያችን መሆኑን ማወቅ ይገባል። የሥጋ ደዌ ወይም የስኳር በሽታ እነዚህን ነርቮች ሲጎዳ፥ እግርን እሾህ ቢወጋው፥ እጅን እሳት ቢፈጀው አይሰማም፤ ቁስሉም ሳይታወቅ ይመረቅዛል፤ እስከ መቆረጥም ያደርሳል።

ስለዚህ በቤቱ የስኳር በሽተኛ ያለበት ሰው፥ የበሽተኛው እግር በየማታው ታጥቦና ደርቆ፥ የጣቶቹ መካከል ሳይቀር በብርሃን እንዲታይ ያድርግ፤ በባዶ እግሩ እንዳይሄድም ይጠብቀው። በቆዳ ላይ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ቢታይ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ የሞተ ነርቭ ግን በቀላሉ አይመለስም። «አያመኝም» ማለት ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ማለት አይደለም።