ስለ «ኢቫን ኢሊች ሞት»፤ ከቶልስቶይ ድርሰቶች አንዱ

ስለ ሞት የተጻፈ መጽሐፍ አንብቡ ቢሏችሁ ፊታችሁን ማጥቈራችሁ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከማመልከቻ ጋራ ሲታገል የዋለ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚሻው ልቡን የሚያጫውት ነገር እንጂ የኀዘን ወሬ አይደለም። ነገር ግን ሩሲያዊው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ በ1886 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያሳተመው ይህ አጭር ልብ ወለድ የሚተርከው ስለ አንድ የመንግሥት ሹም ስለ ሆነ፥ ከማንም ይልቅ ለእናንተ የቀረበ ነው።

ኢቫን ኢሊች የፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የመጣለትን ጉዳይ ሁሉ ከሰው ስሜት ለይቶ በደንቡ መሠረት በወረቀት ላይ ማስፈር ይችልበታል። ያገባውም፥ ቤቱን ያሰናዳውም፥ ወዳጆቹን የመረጠውም ከእርሱ በላይ ያሉት ሰዎች «ይገባል» የሚሉትን እየተመለከተ ነው። በሹመት ሲታለፍ ክፉኛ ያዝናል፤ በኋላ በዓመት 5,000 ሩብል የሚያስገኝ ወንበር ሲያገኝ ደስታው ወሰን ያጣል። አዲሱን ቤት ሲያሳምር፥ መጋረጃው እንዴት እንደሚሰቀል ለሠራተኛው ሊያሳይ መሰላል ላይ ይወጣል፤ እግሩ ያዳልጠውና ጎኑን ከመስኮቱ እጀታ ጋራ ያጋጫል። በነገሩ ይስቃል። ሕመሙ ግን ከዚያው ጎኑ ይነሣል።

ሐኪሞች ይጠራሉ። አንዱ ኩላሊቱ ነው ይላል፥ ሌላው አንጀቱ ነው ይላል፤ በሽተኛው የሚጠይቀው ግን መዳኑንና መሞቱን ብቻ ነው። ለዚህ መልስ አያገኝም። ሐኪሙ እርሱን የሚመለከትበት ዓይን፥ እርሱ ራሱ በችሎት ተቀምጦ ተከሳሹን ሲመለከትበት የኖረው ዓይን ነውና። ባለ ጉዳይ የሚያስተናግድ ሰው ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ቢያነበው አይጎዳውም።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያሠቃየው ውሸት ነው። ቤተ ሰቦቹና ወዳጆቹ መሞቱን እያወቁ፥ መድኃኒቱን በወጉ ቢወስድ እንደሚድን እየነገሩ ይሸነግሉታል። በእኛም አገር ከታመመ ሰው እውነቱን መሸሸግ እንደ ደግነት ሲቈጠር እናያለንና ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባችሁም። በቤቱ ውስጥ የማይዋሸው ጌራሲም የተባለ የባላገር ልጅ አሽከር ነው። ጌራሲም የጌታውን እዳሪ ሳይጸየፍ ያወጣል፤ እግሮቹን በትከሻው ላይ ከፍ አድርጎ ሲይዝለት ሕመሙ ስለሚቀልለት፥ አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱን እንደዚያው ይቀመጣል። ሁላችንም ሟቾች ስለ ሆንን ለሚሞት ሰው መድከም አይከብድም የሚል ነው አሳቡ። ሹመት የለውም፤ ነገር ግን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መኖርን የሚያውቅ እርሱ ነው።

ኢቫን ኢሊችን የሚያስጨንቀው መሞቱ ብቻ አይደለም፤ ያሳለፈው ኑሮ ልክ ነበርን? የሚለው ጥያቄም አይለቀውም። 3 ቀን ሲጮኽ ይቈያል። ሊሞት አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው፥ ተማሪው ልጁ ወደ አልጋው ቀርቦ እጁን ይስምና ያለቅሳል። በዚያን ጊዜ ለራሱ ማዘኑን ትቶ ለልጁና ለሚስቱ ያዝናል። ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል ምላሱ ተሳስቶ «አሳልፊኝ» እንደ ማለት ያለ ቃል ይወጣዋል፤ በሩስኛ ሁለቱ ቃላት ተቀራራቢ ናቸው። ለማረም አቅም ያጣል። የሞት ፍርሃቱን ቢፈልገው አያገኘውም፤ በሞት ፈንታ ብርሃን ያያል። 45 ዓመት ያልኖረ ሰው አንድ ሰዓት ኖረ ማለት ይቻላል፤ መጽሐፉን ተስፋ ሰጪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ደራሲው ነገሩን ከባዶ አላፈለቀውም። በ1881 ዓ.ም. ኢቫን ኢሊች ሜችኒኮፍ የሚባል የቱላ ከተማ ፍርድ ቤት ባለ ሥልጣን ሞቶ ነበር፤ የአሟሟቱ ወሬ መነሻ ሆነው። የሟቹ ወንድም በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሊቅ ኤልያ ሜችኒኮፍ ነው። ቶልስቶይ ራሱም ቀደም ብሎ የሞት አሳብ ክፉኛ አስጨንቆት እንደ ነበር ጽፏል።

መጽሐፉ 12 ምዕራፎች ብቻ ሲኖሩት፥ የሚጀምረው ከፍጻሜው ነው። ባልደረቦቹ ሞቱን በጋዜጣ አንብበው በልባቸው የሚያስቡት ወንበሩ ለማን እንደሚደርስ ነው፤ ሚስቱም ከመንግሥት ምን ያህል ገንዘብ ልታገኝ እንደምትችል ታጠያይቃለች። መጽሐፉን ከፈጸማችሁ በኋላ ይህን ምዕራፍ መልሳችሁ አንብቡት። ፒዮትር ኢቫኖቪች የተባለው ወዳጁ ከለቅሶው ቤት ሲወጣ ካፖርቱን የሚያቀብለው ያው ጌራሲም ነው። ሁለት ሦስት ቃል ይነጋገራሉ። ከዚያም ፒዮትር ኢቫኖቪች በሠረገላ ተሳፍሮ ወደ ካርታ ጨዋታው ይሄዳል፤ ብዙም አልዘገየም።