ከሆስፒታል ከወጡ በኋላስ?

"እንኳን እግዜር ማራቸው" ብለን ቡና አፍልተን ጠያቂውን ከሸኘን በኋላ፣ ለብዙ አዛውንቶች ከባዱ ጊዜ ገና መጀመሩ ነው።

አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችን በሳንባ ምች ተኝተው ወጡ። ሳሉም ትኩሳቱም ለቀቃቸው። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ፤ ምግብ ሲቀርብ "ለልጆቹ ስጡ" ይላሉ። ሸማኔ ናቸው። ልጆቻቸው እንዳይደክሙ አስበው የሽመና ዕቃቸውን ጓዳ ከተቱት፤ ለዕርቅ ሊጠሯቸው የመጡትንም ከበር መለሱ።

የዬል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሃርላን ክሩምሆልዝ በ2013 እ.ኤ.አ. "ድኅረ ሆስፒታል ሕመም" ብለው የጻፉለት ነገር አለ። በሽተኛው ሆስፒታል ሳለ እንቅልፍ ያጣል፣ በደንብ አይበላም፣ አልጋ ላይ ውሎ ጡንቻው ይሟሽሻል። ስለዚህ ከወጣም በኋላ ለሳምንታት አካሉም አእምሮውም በቀላሉ ይናጋል።

ሁለት ነገር ለዩ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት ከተዘባረቁ ወይም ሰው መለየት ካቃታቸው "እርጅና ነው" አትበሉ። ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሷቸው። ሐዘኑ፣ የምግብ ጥላቻውና ዝምታው ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው። "ብሞት ይሻለኛል" ካሉ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ብቻቸውንም አትተዉአቸው።

የቀረው፣ የለመዱትን ሥራና ክብር መመለሱ፣ የእኛ የቤተሰብ ድርሻ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ተሰሚነት የለመደን ሰው "አርፈው ይተኙ" ብሎ ከሸንጎው ማስቀረት ሌላ በሽታ መጨመር ነው። ጎረቤታችን ዛሬ ሙሉ ቀን ባይሸምኑም ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ክር ያጠነጥናሉ፤ የልጅ ልጃቸው ሲያበላሽ ይቆጡታል። ምግብ መብላት የጀመሩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በሰፈራችሁ ሰሞኑን ከሆስፒታል የወጡ አዛውንት ካሉ፣ ሙዙን አስቀምጣችሁ "ይማርዎት" ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ቁጭ በሉ፤ የከበዳችሁን ጉዳይ አንሡና ምክራቸውን ጠይቁ።