ከመቶ አንዷ ስትቀር

ጣና ዳር ቆማችሁ አንዲት እምቦጭ ከውሃው ላይ ብድግ አድርጉ። ቅጠሏ ክብ፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ አገዳዋ ከሥሩ በላይ እንደ ሽንኩርት አብጧል። ጫን ስትሉት ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል፤ ውስጡ አየር ነው፣ የሚያንሳፍፋትም እሱ ነው። ከታች እንደ ላባ የተበጠረ ጠቆር ያለ ሥር ይንጠለጠላል፤ ጥልቅ ውሃ ላይ መሬት አይነካም። ደንገል ዳርቻው ላይ ሥር ሰድዶ ይቆማል፤ ባለ ጠፍጣፋ ቅጠሉ የውሃ አበባም ሥሩን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ቅጠሉን ያነጥፋል። እምቦጭ ግን መንገደኛ ናት፤ ንፋስ ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። ሐምራዊ አበባዋ ሲፈካ ደግሞ መሳሳት የለም፤ ከስድስቱ የአበባ ቅጠሎች በላይኛው ላይ ዙሪያዋን ሰማያዊ የከበባት ቢጫ ነጠብጣብ አለች። ውብ ናት። ከአማዞን ምድር አውጥቶ ዓለምን ያዞራትም ይኸው ውበቷ ነው። አገራችን ውስጥ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ቆቃና አዋሽ ላይ ታየች፤ ጣና ላይ መግባቷ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው።

እስቲ እንቁጠር። ከተመቻት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ትሆናለች። በጎኗ ቀጭን ክንድ ትዘረጋለች፤ ጫፉ ላይ ልጅ ይበቅላል፤ ልጁም በተራው ይወልዳል። ከአንዲት ብንነሳ በ20 ሳምንት 1,024 ይሆናሉ። ይህን ያህል አያስደነግጥም። በ40 ሳምንት ግን፣ እናት ልጇን በሆዷ በምትሸከምበት ጊዜ ውስጥ፣ 1,048,576 ይደርሳሉ። እርግጥ ማዕበሉና የምግብ እጥረቱ ሐይቁ ላይ ያዘገዩአታል። ቢሆንም ስሌቱን ሳየው አሁንም ይደንቀኛል።

ጥቅጥቅ ብላ የሸፈነችው አንድ ሄክታር እስከ 400 ቶን ይመዝናል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ 80 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ያውም ለአንዱ ሄክታር ብቻ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ሕዝቡ እምቦጭን ከጣና ለመንቀል በዘመቻ ሲወጣ ሸፍናዋለች የተባለው ስፋት ከ4,000 ሄክታር በላይ ነበር። ከሸክሙ ደግሞ ከመቶ 90 እጅ በላይ ውሃ ነው። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ እየጎተተ የሚያወጣው በአብዛኛው የጣናን ውሃ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከመቶው እምቦጭ 99ኙን ነቅለን አንዷን ብንተው፣ ሰባት ጊዜ እጥፍ ስትሆን 128 ትሆናለች። ይህም 14 ሳምንት ነው። ሦስት ወር ከሳምንት ሳይበልጥ ሐይቁ ከዘመቻው በፊት ከነበረበት ይብሳል። ስለዚህ «ስንት ሄክታር ነቀልን?» ከማለት ይልቅ «ስንት ቀረ?» ብለን ብንጠይቅ ይሻለናል፤ በማግስቱም ቁርጥራጩን የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል።

የቀረው ደግሞ ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። ዘሯ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በ2004 ዓ.ም. መገጭ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት የወደቀ ዘር በ2024 ዓ.ም. ሊበቅል ይችላል።