ግማሹን የምናውቀው መጽሐፍ
ቀጥሎ የምናነበውን የምንመርጠው በምን ምክንያት ነው?

የአዲስ አበባ መጽሐፍ አዟሪ ከአገጩ እስከ ወገቡ የደረሰ ክምር አቅፎ ካፌ በረንዳ ላይ ሲደርስ ብዙ አይናገርም። ዘንበል ብሎ ርእሶቹን ያሳያል፤ የቀረው የደንበኛው ፋንታ ነው። ደንበኛው አንዱን ይመዛል፣ ሽፋኑን ያያል፣ ገልብጦ ጀርባው ላይ የታተመውን አስተያየት ያነባል። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ሁለት ሦስት መስመር ይሞክራል። ከዚያ ወይ ዋጋ ይጠይቃል ወይ ይመልሳል። ከዚያ ሁሉ ክምር ለምን ያንን እንደመረጠ ቢጠየቅ “ደስ ስላለኝ” ከማለት የዘለለ መልስ ላይኖረው ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን “ደስ ስላለኝ” የምትለውን መልስ ፈታትተው ለማየት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ደክመውባታል።

ጉጉትን በቤተ ሙከራ ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ዳንኤል በርላይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ባሳተማቸው ሥራዎች፣ በጣም ቀላል ነገር ሰውን እንደሚያሰለቸው፣ በጣም የተወሳሰበም እንደሚያሸሸው፣ የሚስበው በሁለቱ መካከል ያለው እንደሆነ አስረዳ። በ1994 የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ሎዌንስታይን ነገሩን ይበልጥ አጠበቀው። እንደ እሱ አባባል ጉጉት የሚቀሰቀሰው በምናውቀውና ልናውቅ በምንሻው መካከል ክፍተት እንዳለ ስናስተውል ነው። ክፍተቱን ለማስተዋል ደግሞ አስቀድሞ የሆነ ነገር ማወቅ ግድ ይላል። ምንም የማያውቅ ሰው ምን እንደጎደለውም አያውቅም።

በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚን ጆንግ ካንግና ሌሎች ተመራማሪዎች ያካሄዱትና በ2009 የታተመው ጥናት ይህንን በተግባር ፈትኗል። ተሳታፊው የአንጎልን ምስል በሚያነሣ ማሽን ውስጥ ተጋድሞ አርባ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎችን ተራ በተራ ያነባል። መልሱን በልቡ ይገምታል፤ በግምቱ ምን ያህል እንደሚተማመንና ምን ያህል እንደጓጓ በቁጥር ያሳውቃል፤ ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይገለጥለታል። በእርግጠኝነት የሚያውቀው ጥያቄ ብዙም አላጓጓውም። ፍንጩ እንኳ የሌለው ጥያቄም እንደዚያው። ልቡን የሰቀለው “ይህን እኮ አውቀዋለሁ መሰለኝ” ያሰኘው፣ እርግጠኝነቱ ወደ ግማሽ የተጠጋው ነበር። ጉጉቱ ሲያይል ኮዴት የተባለው፣ ሽልማት ስንጠብቅ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ይበልጥ ይሠራ ነበር። በሌላ ዙር ደግሞ ተሳታፊዎች መልሱን ለማየት በእጃቸው ካለው ውስን መክፈያ እንዲከፍሉ ወይም ጊዜያቸውን ሰጥተው እንዲጠብቁ ተደረገ። አብዝተው በጓጉበት ጥያቄ ላይ ለመክፈልም ለመጠበቅም አልሳሱም።

ይህን ወደ መጽሐፍ ስናመጣው አንድ የታወቀ ልማዳችን ይገለጥልናል። ስለ አድዋ ጦርነት አንድ መጽሐፍ የጨረሰ አንባቢ ቀጥሎ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ከዚያው ሰፈር አይርቅም። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር ውኃው ተይዞበት እጁን ለመስጠት እንደተገደደ፣ ምንጩን የመያዙ ሐሳብም የእቴጌ ጣይቱ እንደነበረ በአንድ ገጽ አንብቦ ያልፋል። ከዚያች ገጽ ጥያቄ ይወለዳል፤ እኚህ ሴት ማን ነበሩ? በዚያ ሳምንት የእቴጌይቱን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ካየ እጁ ሳያስበው ይዘረጋል። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን ያንኑ መጽሐፍ አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው ይችል ነበር። የተለወጠው መጽሐፉ ሳይሆን አንባቢው ውስጥ ያለው ክፍተት ነው።

ጉጉት ጥቅሙ ከመጽሐፉ ጋር አያበቃም። ማቲያስ ግሩበርና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የጓጉለትን መልስ በሚጠባበቁበት ቅጽበት ከጥያቄው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሰው ፊት ፎቶግራፍ ይታያቸው ነበር። በጉጉት ሰዓት ያዩትን ፊት ሳይጓጉ ካዩት በተሻለ አስታውሰው ተገኙ። የጓጓ አእምሮ የፈለገውን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ያለፈውንም ይይዛል ማለት ነው። እየተሰላቹ ያነበቡት ከራስ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያትም ከዚሁ ሳይያያዝ አይቀርም።

የሰው አፍ

ሁሉም ምርጫ ግን ከራሳችን አይመነጭም። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ያልታወቁ ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲወስዱ ጋበዙ። አንደኛው ወገን ሌላው ምን እንደመረጠ ሳያይ መረጠ። ቀሪዎቹ በስምንት የተለያዩ “ዓለማት” ተከፈሉ፤ በየዓለማቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተወሰደ ይታያቸዋል። ዘፈኖቹ ያው ሆነው ሳለ የዓለማቱ አሸናፊዎች ተለያዩ። አንድ ዘፈን በአንደኛው ዓለም 1ኛ፣ በሌላው 40ኛ ወጣ። በጣም ጥሩ የተባለው እምብዛም አልወደቀም፣ በጣም ደካማውም እምብዛም አልነገሠም፤ ከመሀል ያለውን ብዙኃን ግን ከፍ ዝቅ ያደረገው የቀደሙት ሰዎች ምርጫ ነው። “ሁሉም ያነበበው መጽሐፍ” የሚባለውን ስንሰማ ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

የሰው አፍ መጥፎ መሪ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ታሪኩ ፊደል ላልቆጠረው ሳይቀር ደርሷል። የባለታሪኮቹን የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መጨረሻ በጆሮው የሰማ ስንቱ ሰው ነው ኋላ መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበው! ጆናታን ሊቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ በ2011 እ.ኤ.አ. በ12 አጫጭር ልብወለዶች ያደረጉት ሙከራም መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ታሪኩን እንዲያውም በመጠኑ አብልጠው እንደወደዱት አሳይቷል። በኋላ የወጡ አንዳንድ ጥናቶች ተቃራኒውን ስላገኙ ጉዳዩ አልተዘጋም። ያም ሆኖ መጨረሻውን ማወቅ ክፍተቱን ሁሉ አይደፍንም፤ “ምን ሆነ?” የሚለው ቢመለስ “እንዴት እዚህ ደረሰ?” የሚለው ይቀራል።

መፈለግና መውደድ

ምርጫችንን ከሚያጣምሙ ነገሮች ሌላው እጦት ነው። የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። አስቀድሞ የተሸጠው ቅጂ ግን ከእጅ ወደ እጅ በምስጢር መዞሩን አላቆመም። ጃክ ብሬም በ1966 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰው ነፃነቱ ሲነካበት የተከለከለውን ነገር አብዝቶ ይመኛል። እስጢፋን ዎርቼልና ባልደረቦቹ በ1975 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ሙከራ ደግሞ አንድ ረቂቅ ነገር ጨመረ። ለተሳታፊዎቹ ብስኩት ሲቀርብላቸው አንዳንዱ አሥር ካለበት ማሰሮ፣ ሌላው ሁለት ብቻ ካለበት ማሰሮ ወሰደ። ከሁለቱ የወሰዱት ብስኩቱ የሚያስጎመጅና ዋጋውም ውድ ሊሆን የሚገባው ነው አሉ። ጣዕሙ ይበልጣል ወይ ሲባሉ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። “ኦሮማይ” እገዳው ከተነሣ በኋላም ዛሬ ድረስ የሚነበበው ጣዕሙ የራሱ ስለሆነ ነው። ታግዶ ስሙ የገነነ መጽሐፍ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው መፈለግና መውደድ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ባላዥ ኮቫችና አማንዳ ሻርኪ በ2014 እ.ኤ.አ. የ64 መጻሕፍትን ከ38 ሺህ በላይ የአንባቢ አስተያየት ሰብስበው ታላላቅ ሽልማት ያገኙትን ለሽልማት ታጭተው ከቀሩት ጋር አነጻጸሩ። መጽሐፉ ከተሸለመ በኋላ አንባቢ ይጎርፍለታል፤ ከአንባቢዎች የሚሰጠው ነጥብ ግን ይወርዳል። ጽሑፉ አንድ ቃል አልተለወጠም። አዲሶቹ አንባቢዎች የመጡት ሽልማቱን ብለው እንጂ የመጽሐፉ ዓይነት የሚስማማቸው ሆነው አልነበረም። የነቀፌታ ነገርም ያስገርማል፤ በኒው ዮርክ ታይምስ የወጡ ግምገማዎችን የመረመሩ ጥናት አድራጊዎች በ2010 እንደጻፉት፣ አሉታዊ ግምገማ የታወቀን ደራሲ ሽያጭ ሲጎዳ ስሙ ያልተሰማውን ደራሲ ሽያጭ ጨምሮለታል። መጽሐፉ መኖሩ መታወቁ በራሱ ክፍተት ከፈተ።

ለነገ የምንገዛው

ብዙ ቤት መደርደሪያው ላይ ያልተገለጠ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ዳንኤል ሪድ፣ ሎዌንስታይንና ሾባና ካልያናራማን በ1999 ያካሄዱት የፊልም ምርጫ ጥናት ምክንያቱን ይጠቁማል። ተሳታፊዎቹ ለዛሬ ማታ የሚያዩትን ሲመርጡ ወደ ቀላልና አዝናኝ ፊልም አደሉ። ለሚቀጥሉት ቀናት የሚያዩትን ዛሬውኑ ሲመርጡ ግን እንደ “ሺንድለርስ ሊስት” ያሉ ከባድ ፊልሞችን መረጡ። መጽሐፍ የምንገዛው ለዚያ ቁምነገረኛ ለሆነው የነገ ሰው ነው፤ ማታ ደክሞት የሚገልጠው ግን የዛሬው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለአንባቢ የሚጠቅም ጥቂት ዘዴ ይወጣል። የጀርባ ሽፋን ምስክርነት ደራሲው ወዳጅ እንዳለው ይነግረን ይሆናል እንጂ መጽሐፉ ለእኛ ይሁን አይሁን አይነግረንም። ስለዚህ ከመሀል አንድ ገጽ ገልጦ ማንበብና “ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነው? ቀጥሎስ?” የሚል ጥያቄ ይነሣብን እንደሆነ ማየት ይሻላል። ጥያቄ ካልተነሣ ሽልማቱም ወሬውም እስከ መጨረሻው ገጽ አያደርሱንም። ከባዱን መጽሐፍ መግዛት ነውር የለውም፤ ለድካም ሰዓት ብቻ አለመተው ነው፣ ጠዋትም የእረፍት ቀንም አለ።

ጭራሽ ለማይስበን መስክ ደግሞ መድኃኒቱ ትልቁን ጥራዝ ማጋፈጥ አይደለም። ስለ አፈር፣ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ገንዘብ ታሪክ ምንም የማያውቅ ሰው ከአንድ ቀጭን መጽሐፍ ወይም ከአንድ ጥሩ መጣጥፍ ቢጀምር፣ ክፍተቱን ለማየት የሚያስፈልገውን ያህል ዕውቀት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ትልቁን ጥራዝ ማንም ሳይጎተጉተው ራሱ ይፈልገዋል። “ያ ነገር እኔን አይስበኝም” የምንለው ብዙ ጊዜ ስለ ተፈጥሯችን አይደለም፤ እስካሁን ስላላነበብነው ነው።